የአባባ የይለፍ ቃል

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለባየህ፣ ሐዋሳ።

እንደምን ከርመሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

የአባባን ድምፅ ቀድተህ ሳሎን ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጥከውን ድጓ ለሰንበት ተማሪዎች ላሰማ ብል ከእኔ ላፕቶፕ አልከፈት አለኝ። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ስጽፍ «ስህተት ነው» ይለኛል። ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያየሁ ጻፍኩ፤ እምቢ አለ። አባባን ብጠይቃቸው «እኔ ነኝ የቀየርኩት» አሉኝ።

«ምን ብለው ቀየሩት?»

«የማልረሳውን ቃል ነዋ!» ብለው ሳቁ። ሊጽፉት ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ጣታቸው ግን ቁልፎቹ ላይ ቀረ። «ባየህን ከጓዳ ጥሪው፤ እሱ ያውቀዋል» አሉኝ።

«እሺ» ብዬ ጓዳ ገባሁና ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ደግነቱ ኮምፒውተሩ አልተዘጋም ነበርና በስሜ አዲስ መግቢያ አወጣሁ፤ ድጓው ያለበት ፎልደር በዚያ መግቢያ እንዲከፈት ፈቅጄ በላፕቶፔ ከፈትኩት። ድጓው ሲሰማ አባባ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ግሩም መሪጌታ ነው። የማን ተማሪ ይሆን?» አሉኝ።

ፊታቸውን ባየው ቀልድ የለበትም። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

አሁን ገበያ ስወጣ አባባን ለጎረቤታችን ለእትዬ ጥሩብርሃን አደራ ብዬ ነው። ለጥምቀት እመጣለሁ ያልከውን ተውና በዚህ ሳምንት ና፤ ኮምፒውተሩንም ታይልኛለህ። አባባ ይመርቁሃል። እመቤታችን በመንገድህ ሁሉ ትከተልህ።

እህትህ ገላነሽ ኪዳነ ማርያም፣ ከወረታ።