ጉልበትሽ ለምንሽ ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ጣቃ ጨርቅ ተሸክሜ ከመሰላል ስወርድ እግሬ እዚያው ቀረ፣ እኔ ዞርኩ። ጉልበቴ ቋ! አለ። ደንበኛዋ "ውይ!" አለችና የጨርቁን ዋጋ ጠየቀችኝ። ሸጥኩላት። ምን ላድርግ?

ባሌ ሙሕሲን በርጫ ላይ ነበር። ሁለት ጤነኛ ጉልበቶቹን አጣጥፎ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

የጉልበት ጅማት ተበጥሷል። ቀዶ ጥገና የግድ አይደለም አለ ሐኪሙ። "ማዳም፣ ጉልበትዎን ለምን ይፈልጉታል?"

ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?

"ለሱቅ" አልኩት።

ለሱቅ ከሆነ ፊዚዮቴራፒው ይበቃዎታል አለ። ቀዶ ጥገናው መሮጥ፣ ኳስ መጫወት፣ ድንገት መዞር ለሚፈልግ ነው። ከዚያ ሳምንታት በክራንች፣ ወደ ዘጠኝ ወር ልምምድ። ካልተሠራስ? "አንዳንዴ ይከዳዎታል። ሲከዳ ሌላም ነገር ሊጎዳ ይችላል።"

አዲሱ ጅማት የሚወጣው ከራሴ ጭን ነው አለ። እስከዛሬ ከኔ የተቆረጠው ሁሉ ለሌላ ሰው ነበር... ለራሴ ሲሆን የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

የነሙሕሲን በርጫ በኔ ጉልበት ጉዳይ ጉባኤ ተቀመጠ። ምርቃናው ሲመጣ ሁሉም ሐኪም ሆኑ። ዓብዱረዛቅ "ወጌሻ ይሻት" አለ። ሌላው "ምነው፣ ኳስ ተጫዋች ናት እንዴ?" ሳቁ። ሙሕሲን ደግሞ... "ሱቁን ማን ይከፍታል?"

የሚቀደደው የኔ፣ የሚያመው እሱን! ሻያቸውን አቀብዬ እያነከስኩ ወጣሁ።

አርብ፣ ጥቅምት 21

ራስ ዲካ፣ ባሕሩ ዳር። ልጃችን ናዒማ ኳሷን ወደኔ ለቀቀቻት። ልመታት ዞር ስል ጉልበቴ ከዳኝ። በአፍጢሜ ተደፋሁ። አፌን አሸዋ ሞላው።

"ቆይ አንቺን ኳስ ምን አስነካሽ?" ሙሕሲን ነው፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ።

ወደዚህ አገር ሳልመጣ፣ ድሬዳዋ ትምህርት ቤት እያለሁ፣ በሁለት መቶ ሜትር ሩጫ ማን ይቀድመኝ ነበር? ረስቼው ነበር። ይሄ ይረሳል? አለቀስኩ። ከሕመሙ አይደለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ተመልሼ ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። "ለመሮጥ ነው የምፈልገው" አልኩት።

"ዕድሜዎ?"

"አርባ አንድ።"

አልሳቀም። ቀን ቆረጠልኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ተሠራ። አልሐምዱሊላህ። ያማል... ወላሂ ያማል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሙሕሲን ሱቅ መቆም ከጀመረ ስድስተኛ ቀኑ። እኔ የሱ የበርጫ ፍራሽ ላይ ነኝ፣ እግሬ የሱ ትራስ ላይ። ለካ ይመቻል! ክራንቼን ይዤ ቤቱን ሁለቴ ዞርኩ፣ ናዒማ ከኋላዬ እየቆጠረች።

ማምሻውን ሙሕሲን ጉልበቱን ይዞ ገባ።

"ዓቢዳ፣ እኔንም ያመኝ ጀመር። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብድግ... መሰላል... ሐኪም ጋ ልሂድ እንዴ?"

"ሂድ እንጂ" አልኩት። "ግን ለምን እንደምትፈልገው አስበህ ሂድ። ይጠይቅሃል።"

እራት በላን፣ ሳህኖቹንም እሱ አነሳ። እስካሁን እያሰበ ነው።