ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር

ፈሂማ፣

ጠዋት የአባዬ ቮልስ ዳሽቦርድ ባዶ ሆኖ ስታዪ «ሌባ ገባ!» ብለሽ ጎረቤት ጠራሽ። ሌባ አልገባም። ጌጆቹን፣ የፍጥነቱንና የኪሎ ሜትሩን ቆጣሪ፣ የፈታኋቸው እኔ ነኝ፤ መስታወታቸው ሻግቶ ቁጥሩ አይነበብም ነበር። ሳልነግርሽ በመፍታቴ ይቅርታ።

አባዬ መኪናዋን ባቆመ ቁጥር ኪሎ ሜትሩን በሩ ላይ በእርሳስ ይጽፍ ነበር። ጦርነቱ እዚህ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ እኔም እንደሱ ጽፌ ነው የሸሸሁት። አንቺ ቀረሽ። ስመለስ «ወላሂ፣ ከዶሮ በቀር የወጣባት የለም!» ብለሽ አሳቅሽኝ። በኋላ በጦርነቱ ጊዜ የተነዱ መኪኖች ሲመዘገቡ፣ ቃልሽን ይዤ፣ ከግቢ አልወጣችም ብዬ ቀበሌ ፈረምኩ።

ቆጣሪው ላይ ስሸሽ ከጻፍኩት ስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ተጨምሯል። ደሴ ደርሶ መልስ ያህል ነው።

ማን እንደነዳት አልጠይቅሽም።

ሳጥንሽንም ከፍቼ አይቻለሁ። ምንም አላገኘሁም። ማድረግ አልነበረብኝም።

ጌጆቹን አጽድቼ መልሼ ገጥሜያቸዋለሁ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ባትሪ ነቅያለሁ፤ መልሰሽ አታገናኚው። ምሳሽ ድስት ውስጥ አለ።

ቁጥሩን ወደ ኋላ ማዞር እችል ነበር።
አላዞርኩትም።

ፊርማዬን ላሰርዝ ቀበሌ ሄጃለሁ።

ኢቲሳም