ከፋይሌ የወጣ ወረቀት

አቃቂ ቃሊቲ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? የሐዋሳ ሙቀት በዚህ ወር በርዶላችሁ ይሆናል። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ትንሿ ልጅሽ በግራ እጇ መጻፍ ጀምራለች ብለሽኝ ነበር። ተይያት። አንቺን ቲቸር ስንት ዓመት በማስመሪያ መታችሽ፤ ምን ለወጠች? መዳፍሽ በጻፍሽው ላይ እያለፈ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነበር። እማዬ "ይቺ ልጅ የምትጽፈው ደብተሯ ላይ ነው እጇ ላይ?" ትል ነበር።

የምጽፍልሽ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሽንኩርት ዋጋና ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት አውርተን ዘጋሁ። ይህን ባለሱቁ ሀይረዲን ለዕቃ ወደዚያ ሲወርድ ያደርስልሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

መስከረም ላይ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ መሆኔን ታውቂያለሽ፤ ደውለሽ እልል ብለሻል። በአሥራ ሰባት ዓመቴ በፋብሪካው መዝገብ ላይ "የፈትል ክፍል ሠራተኛ" ተብዬ ተቀጠርኩ። ፈትል በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ ሥራዬ ቅርጫት ኳስ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ተጫወትኩ፣ ጉልበቴ ሲያልቅ የቁሳቁስ ኃላፊ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ቡድን መሪ፣ በመጨረሻ ማኅተሙ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥኩ። ይህን ሁሉ ታውቂያለሽ። የማታውቂው በመጀመሪያው ሳምንት ያደረግኩትን ነው።

ፈቀደን አሰናበትኩት።

የታዳጊዎች አሰልጣኝነት ውሉ ጳጉሜን ላይ አልቆ እንዲታደስ ቀርቦልኝ ነበር። በጎኑ ላይ "አይታደስ" ብዬ ፈረምኩ። በፋብሪካው ደንብ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው በስድሳ ቀን ውስጥ የፋብሪካውን ቤት ይለቃል። ደንቡን አላየሁም ነበር ልልሽ አልችልም። አባዬ የሞተ ጊዜ የእኛ ቤት በእኔ ስም የዞረው በዚሁ ደንብ ነው።

ለምን እንዳደረግኩት ልነግርሽ አያስፈልግም። በ1995 ካምፓላ ላይ ከግብጾቹ ጋር ስንጫወት ሠላሳ አንድ ነጥብ አስቆጠርኩ። ከጨዋታው በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው እጄን ጨበጡ፤ ለክለብህ እንጽፋለን፣ መልቀቂያ ከሰጠህ ካይሮ ትጫወታለህ አሉኝ። አምስት ወር ጠበቅኩ። ያኔ አሰልጣኜ የነበረውን ፈቀደን በየሳምንቱ እጠይቀው ነበር፤ አልመጣም ይለኛል። በዓመቱ ጸሐፊዋ ወይዘሮ አስካለች አላስችል ብሏት ነገረችኝ፤ ደብዳቤው መጥቶ ነበር፣ ያስቀረው ፈቀደ ነው አለችኝ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ቡድኑ ሁሉ ባለበት ጠየቅኩት። ኳሶቹን መረብ ውስጥ እየከተተ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ "አዎ፣ እኔ ነኝ። ያላንተ ቡድን የለኝም" አለ።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት አሰለጠነኝ። "ጋሼ" ብዬው አላውቅም። ዕረፍት ጠርቶ ሲያስረዳ ጫማውን አይ ነበር። ጠዋት ለልምምድ የሚቀሰቅሰኝም እሱን ላሳየው የሚል እልህ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ያወቅኩት ይህን ነው።

ቤቱን ኅዳር 5 አስረከበ። ጠርጎት ነበር፤ አምፖሎቹን እንኳ አልፈታም። በማግስቱ አዲሱ አሰልጣኝ ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ገባበት።

ኅዳር 9 ቀን ፋይሎቹ ሁሉ ስካን ይደረጉ ተብሎ፣ የመዝገብ ቤቱ ሙህዲን የኔንም ይዞልኝ ገባ። "ጋሼ፣ ከመሄዱ በፊት ፎቶህን እየው፤ ፀጉር ነበረህ" አለኝ። እየሳቅኩ ከፈትኩት። ፎቶዬ፣ የቅጥር ፎርሙ፣ ቤቱ በስሜ የዞረበት ደብዳቤ። ከዚያ የካይሮው፣ ባለ ሰማያዊ ዓርማው። ስሜ በላቲን ተጽፎ አየሁት። ከሥሩ ደግሞ ከደብተር የተቀደደ አንድ ገጽ ነበር።

ማመልከቻ ነው። እንደዚህ ይላል፦

"ባለቤቴ በፋብሪካው ሃያ ሦስት ዓመት አገልግሎ አርፏል። የምንኖርበት ቤት በልጄ ስም ነው። ልጄ ወደ ውጭ አገር ከሄደ ቤቱን እንድንለቅ ተነግሮናል። መሄጃ የለንም። ልጄን እንዳትለቁት በእግዚአብሔር ስም እለምናለሁ። እኔ መለመኔንም እንዳትነግሩት።"

ከታች የእማዬ አውራ ጣት አለ፣ በሐምራዊ ቀለም። ጽሑፉ ሰማያዊ ነው። የእያንዳንዱ መስመር ቀለም ወደ ቀኝ ተጎትቷል፤ እጅ በእርጥቡ ላይ እንዳለፈበት።

በጎኑ ላይ በቀይ እስክሪፕቶ፦ "የካይሮው ጥያቄ ውድቅ ይሁን። ልጁ ከሰማ እኔ እንዳስቀረሁት ይነገረው። ፈቀደ።"

ሙህዲን ምን እንዳለኝ አላስታውስም። ውሃ አምጥቶልኝ ነበር መሰለኝ፣ ጠረጴዛዬ እርጥብ ነበር። ተነስቼ ወጣሁ። ስልኬን አልያዝኩም፣ ኮቴን አልያዝኩም። ራሴን ያገኘሁት አቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ ነው። አንድ ባለ ሚኒባስ "ረጅሙ፣ ትገባለህ አትገባም?" ይለኛል። ገብቼ ሁለት ፌርማታ ከሄድኩ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ጠየቅኩት።

እማዬ ሆስፒታል በተኛችበት መጨረሻ ሳምንት፣ "ለፈቀደ ሰላምታ አድርስልኝ" አለችኝ። ሁለት ጊዜ ደገመችው። ትኩሳቱ ነው አልኩ። አንቺ እግሯን ይዘሽ ነበር፤ ተነስተሽ ኮሪደር ወጣሽ። እሷን አይተሽ ያለቀስሽ መስሎኝ ተከትዬ አቀፍኩሽ።

ወረቀቱን ባገኘሁ በማግስቱ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ። ጋሽ ፈቀደ ሴት ልጁ ጋ ነው ያለው፣ አራተኛ ፎቅ። በሩን ራሱ ከፈተልኝና "ውይ፣ ሥራ አስኪያጁ። ይህ ደረጃ ለኔም ላንተም ጉልበት አይሆንም" አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። መነጽሩን አድርጎ፣ አይቶት እንደማያውቅ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበው።

"እናትህ ያን ቀን እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር" አለኝ። "ምን ላድርግ? እሷን ከምትጠላ እኔን ብትጠላ ይሻላል አልኩ። እኔን መጠላት አይከብደኝም፣ ሥራዬ ነው። ደግሞ ከጠላኸኝ በኋላ ከቀለበት የሚመለስ አንድ ሪባውንድ አላመለጠህም።"

ለምን በዚህ መስከረም እንኳ አልነገርከኝም አልኩት። ቤትህን ስቀማህ።

"እናትህ እኮ አትንገሩት ብላለች" አለኝ። "ስትሞት ቃሉ ቀረ ማለት ነው?"

ማን ጻፈላት ብዬ ጠየቅኩት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ እንደገና አወለቀ። ወረዳው በር ላይ ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ይሆናል አለኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ ከደብተር ቀድዶ አይጽፍም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይሆናል አልኩት።

ወደ ሥራው እንዲመለስ ለቦርዱ አቀረብኩ። ያሰናበትከው አንተ፣ የምትመልሰው አንተ፣ ምክንያቱ ምንድነው አሉኝ። በጊዜው ያላየሁት ወረቀት ነበረ አልኩ። ወረቀቱን አምጣ አሉ። የግል ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። ጋሽ ፈቀደን መለሱት፤ ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ፋይሌ ውስጥ ገብቷል።

ቤቱ ግን አልተመለሰም። ነፍሰ ጡር ሴት አስወጥቼ እሱን ላስገባ አልችልም፣ እሱም አይገባም። ሌላ ባዶ ቤት የለም። ስለዚህ የእኛን ለቀቅኩለት። ባለቤቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ቀን ሳህኖቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። አሁን የምጽፍልሽ ከገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከኪራይ ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ነን፤ በረንዳው በጠዋት ፀሐይ ያገኛል።

ቁልፉን ስሰጠው ጋሽ ፈቀደ ቤቱን ዞሮ አየ። ኩሽናው ጋ ቆሞ ጣሪያውን አንጋጠጠ። "አሁንም ያፈሳል" አለ። "አባትህ እያለም ያፈስ ነበር። ለዚህ ነው እንግዲህ ካይሮ ሳትሄድ የቀረኸው።" ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ወጥቼ በሩን ዘጋሁለት።

እህቴ፣ በሃያ አራት ዓመቴ ካይሮን ሳስብ እኔ ስሄድ እናንተ የት እንደምታድሩ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። እማዬ አስባለች። አንቺ በዚያ ቤት አሥራ ሁለተኛን ጨረስሽ፣ ከዚያ ቤት ነርሲንግ ገባሽ። ያን ዓመት ጨዋታዬን ማየት ድንገት ተውሽ፤ ፈተና አለብኝ ትይኝ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር። የሰባተኛ ክፍል ፈተና ዓመቱን ሙሉ እንደማይሆን ያኔ ማሰብ ነበረብኝ።

ዕቃ ስናወጣ ካልጋሽ ሥር የደብተር ሳጥንሽን አገኘን። አልከፈትኩትም። በገመድ አስሬ ለሀይረዲን ሰጥቼዋለሁ። ወረቀቱንም ከፋይሉ አውጥቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አኑሬዋለሁ። ስካን አልተደረገም፤ ከጋሽ ፈቀደ በቀር ሙህዲንም ሌላም ሰው አላነበበውም። እቤትሽ አስቀምጪው ወይም አቃጥይው፣ እንደመሰለሽ።

እማዬ የመረቀችሽ ሁሉ ይድረስልሽ። ቤትሽ አያፍስስ፣ ልጆችሽ ከደጅሽ አይራቁ፤ ትንሿም በሚቀናት እጅ ትጻፍ። ለገና ኑ፤ ቦታ ይጠብበናል እንጂ አንጣላም። ጋሽ ፈቀደም መጥታ እንዳያት ንገራት ብሎሻል።

መልስ ከሰጠሽኝ አትደውይ። ጻፊልኝ።

የማይቀየምሽ ወንድምሽ