ፎቶግራፌን ከበርዎ ላይ ስለማውረድ

ለክቡር የባሕር ዳርቻው ካዚኖ ሥራ አስኪያጅ፣
ኢሎይሎ ከተማ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ደጅዎ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ይልቅ በሰው ሲጨናነቅ ስለማይ፣ ጤናም ሀብትም እንደተረፈዎት አልጠራጠርም። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ፣ አሁን ደግሞ ፎቶግራፌ «ቲቸር ሒሳቡን ታውቀዋለች» ከሚል ጽሑፍ ጋር በመግቢያዎ ላይ የተሰቀለ ጡረተኛ ነኝ።

አስቀድሜ ስለ ጨዋታዎ ቸርነት ላመስግንዎ። ካርታ ደምሮ ሃያ አንድ መድረስ ነው፤ ያለፈ ይቃጠላል። በእርስዎ ጠረጴዛ ግን ተጫዋቹና ቤቱ፣ ማለትም ካዚኖዎ፣ እኩል ሃያ አንድ ቢመጣላቸው የሚያሸንፈው ተጫዋቹ ነው። ስድስት፣ ሰባትና ስምንት ለገጠመለት ጉርሻ አለ፤ ሃያ አንድን በአምስት ካርታ ለሞላም እንዲሁ። ቤቱ ሰባት ይዞ ሳለ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሦስት ሰባቶች ለደረሱት ሃምሳ ሺህ ፔሶ ይሰጣል፤ አጠገቡ የተቀመጡትም እንዳይቀኑ ትንሽ ይደርሳቸዋል። ባለፈው መጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ይህ ዕድል እኔን መረጠ። አበባ አስታቀፋችሁኝ፤ ለፎቶግራፉም ፈቃዴን ጠየቃችሁ። እኔም ከንፈሬን ቀብቼ ፈቀድኩ።

ቅሬታዬ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ፎቶግራፉ ያለ ዕድሜዬ ያስረጀኛል፤ ይህን ታግሼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች የምትተዳደር ፊሎሜና የምትባል መበለት ጎረቤት አለችኝ። ፎቶውን አይታ ቤቴ መጣችና እንዳስተምራት ለመነችኝ። «አንቺ የገባሽበት ነገር አያከስርም» አለችኝ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም፤ ሳምንት ሙሉ አስተማርኳት፣ ጉርሻዎቹን በቃሏ አስጠናኋት፣ ስታስታውስም አጨበጨብኩላት። በሰኔ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ዩኒፎርም በሚፈለግበት ወር፣ የስፌት መኪናዋን ሸጠች።

ሦስተኛ፣ ካርታ ከሚያድሉልዎ አንዷ የቀድሞ ተማሪዬ ነበረች (አይፈልጓት፤ በገዛ ፈቃዷ ለቃለች)። ገበያ ላይ አግኝታኝ ዓይኔን ሳታይ፣ «ቲቸር፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አስር ቁጥር ወጥቶ አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

አላየሁም። እንደ አስር የሚቆጠሩት ንጉሡም ንግሥቲቱም አሉ፤ አስር የተጻፈባቸው አራቱ ካርታዎች ግን ከየጥቅሉ ተለቅመው ወጥተዋል። ለተጫዋች የሚበጁት እነሱ ነበሩ፤ የጉርሻው ሁሉ ዋጋ የሚሸፈነውም በእነሱ መጉደል ነው። እርስዎ አልደበቁም፤ በደንቡ ወረቀት ላይ በግልጽ ተጽፏል። «ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ» እያልኩ የሰው ልጅ ስቀጣ የኖርኩት እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

ለፊሎሜና ሄጄ ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። መኪናው የነበረበትን ቦታ እየጠረገች፣ «እኔ እኮ ያመንኩት ካዚኖውን አልነበረም» አለች።

ካሸነፍኩት በቀረኝ አሮጌ የስፌት መኪና ገዝቼ በሯ ላይ አስቀመጥኩ። ሦስት ቀን እዚያው ዋለ፣ እዚያው አደረ። በአራተኛው ቀን ድምፁን ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁ። ሰላምታዬን ግን እስከ ዛሬ አልመለሰችም።

ስለዚህ ፎቶግራፌን እንዲያወርዱልኝ፣ ይህ ከከበደዎም ከሥሩ «አስሮቹን አልቆጠረችም» የሚል ቃል እንዲያክሉበት በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

የቸርነትዎ ባለዕዳ፣ አንገቷን ሳትደፋ በደጅዎ ማለፍ የናፈቃት፣
ኮንሶላሲዮን ዴላ ፔንያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለልደቴ የላኩልኝ የነጻ ምሳ ካርድ ደርሶኛል። ሁለቱም ልጆቼ ቀኑን ረስተውት ነበር፤ ያስታወሱኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ካርዱን ቀድጄ ጣልኩት ብዬ ልጽፍልዎ ፈልጌ ነበር፤ እውነቱ ግን፣ መጥቼ በልቻለሁ።