ከብቱና ተሳቢው በአንድ ጉብታ

መጋቢት 4፣ ጧት 2፡30
አሁንም ቆመዋል። ከእትዬ ዘሀራ ሩዝ መፈልፈያ በር እስከ ነዳጅ ማደያው ድረስ ተሳቢ በተሳቢ። አስፓልቱ ተዘግቶ ባጃጆቹ በሰው ግቢ ያቋርጣሉ። ሾፌሮቹ መኪናው ሥር ጥላ ይዘው ካርታ ይጫወታሉ። ትናንትም ይኸው ነበር። የሽንኩርቱ ጭነት ሲጨመርበት ደግሞ አይጣል ነው።

ወደ ሥራዬ፣ ወረታ ትራንስፖርት ቢሮ ገባሁ። ከባ/ዳር ረቂቁ ደርሷል፤ የክልሉ የጭነት ትራንስፖርት ዕቅድ። ገለጥኩት። በእኛ መስመር አንድ የጭነት መኪና ማቆያና መጫኛ ይሠራል። አንድ ብቻ። ወይ ወረታ፣ ወይ ሌላ ከተማ። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ቦታ ያቀረበና ከባለመሬቶቹ ጋር የተስማማ ይወስደዋል። መጋዘን፣ ሚዛን፣ ጥበቃ፣ ጫኝና አውራጅ። ሥራ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ እንደምጓጓ አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ። ታናሽ ወንድሜ ደመላሽ በየዓመቱ ሰኔ ላይ መተማ ቆላ ይወርዳል፣ ሰሊጥ ሊያርም። አምና ወባ አንገላቶት ሲመለስ እናቴ በር ላይ አላወቀችውም። ዘንድሮ አትሄድም ስለው፣ እሺ እዚህ ምን ልሥራ አለኝ።  አሁን የምመልስለት ሊኖረኝ ነው።

መጋቢት 6
ቦታ አገኘሁ። ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ጫፍ፣ ከአስፓልቱ ሳይርቅ ያለው ጉብታ። ክረምት ሜዳው ሁሉ ውኃ ሲተኛበት እሱ ደረቅ ነው። የግጦሽ መሬት፤ ቤት የለበት፣ ማሳ የለበት። በደስታ ምሳዬን ረሳሁ።

መጋቢት 12፣ ማታ
ተበላሸ። በገዛ አፌ።

የሚካኤል ዕለት ስለሆነ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሰበሰብኩት። ስለ ማቆያው አስረዳሁ። አያ ሙጨ ተነሡ፤ የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰው ሁሉ የእሳቸውን ፊት ነው የሚያየው። ክረምት ውኃው ሲመጣ የአገሩ ከብት የሚቆመው እዚያ ጉብታ ላይ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። ሌላ ደረቅ የለም። ታዲያ ከብቱን የት እናቁመው፣ ጠረጴዛሽ ላይ? አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ አልወድም። የከብት ዘመን አልፏል፣ ጥቂት ይበቃችኋል አልኩ። በፎገራ ምድር፣ በወተቷ ስሟ የተጠራውን የፎገራን ላም። ሳቁ ቀጥ አለ። አያ ሙጨ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሄዱ፤ ሰዉም ተከተላቸው።

የወረታ ልጅ ሆኜ እንዲህ ማለቴ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ተናድጃለሁ፤ ከሁሉ በላይ በራሴ።

መጋቢት 20
አያ ሙጨ ቤት ሄድኩ፣ ይቅርታ ልጠይቅ። እትዬ ዘሀራ አብረውኝ መጡ። የአያ ሙጨን ሩዝ የሚፈለፍሉት እሳቸው ናቸው፤ የቆየ ትውውቅ አላቸው። በር ላይ ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። አያ ሙጨ ዱላቸውን አንሥተው ወደ ከብቶቹ ወሰዱን። ቦራ፣ ዳልቻ፣ ጉሬዛ፣ እያሉ አንድ በአንድ አስተዋወቁኝ። የእያንዳንዷን እናት፣ የእናቷን እናት። እነሱን ነው የሰደብሽ፣ እነሱን ይቅርታ ጠይቂ አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። ቀልድ አይደለም። ጠየቅሁ። እትዬ ዘሀራ ሳቃቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ከዚያ ታረቅን። እየሄድን አያ ሙጨ ያወራሉ። ኅዳር ላይ ውኃው ሲሸሽ ከብቱ ወደ ሜዳው ይወርዳል፣ ጉብታውን ዞሮም አያየው። የሚመለሰው ክረምት ሲገባ ነው። እግሬ ቆመ። ሩዙ የሚታጨደው ኅዳር። ሽንኩርቱ የሚነቀለው በበጋ። የመኪናው ወረፋ የሚጀምረው ከብቱ ሲወርድ ነው፣ የሚያበቃው ከብቱ ሊወጣ ሲል። ክረምት ማሽንዎ ምን ይሠራል? ስላቸው እትዬ ዘሀራ፣ ይተኛል አሉ። አንድ ጉብታ፣ ሁለት ባለቤት፣ በየወራቱ። እዚያው ሜዳ ላይ ነገርኳቸው፣ እየተኮላተፍኩ።

አያ ሙጨ መሬቱን በዱላቸው ወጋ ወጋ አደረጉ። ቀጥለው፣ አስፓልት እንዳይሆን፣ ሰኮና ይጎዳል አሉ። የተጠቀጠቀ ቀይ አፈር ይሁን አሉ። ይህ እሺ ማለት አይደል? እሺ ማለት ነው። እየዘለልኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሚያዝያ 3
አለቃዬ እንባው እስኪወርድ ሳቀብኝ። በክልል ዕቅድ ውስጥ ላም። ላም አለኝ በሰማይ ነው ያንቺ ነገር አለ። ሲበቃው ቁም ነገሩን ጠየቀ፤ ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ሲመጣስ የት ይራገፋል? አናደደኝ። ልክ ነው፣ ለዚያ ነው ያናደደኝ።

ሚያዝያ 11
አገኘሁት። መጋዘኑ በአስፓልቱ በኩል ይሁን፣ ለብቻው በር ያለው። ማዳበሪያው ክረምት ከበጋ ከዚያ ይራገፋል። ከኋላው አጥር። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሰፊ ሜዳ ከብቱና መኪናው የሚፈራረቁበት። አያ ሙጨ በአጥሩ ትንሽ ተከራከሩኝ፣ ወደ አስፓልቱ አስጠጉት፣ ፈረሙ። የቀበሌው ሰውም ፈረመ። አለቃዬ ዛሬ አልሳቀም፤ ዕቅዱን ልናቀርብ እኔንና አያ ሙጨን በራሱ መኪና ባ/ዳር እንደሚወስደን ነገረኝ።

ደመላሽ ግን ከጓደኞቹ ጋር የመሄጃ ቀን እየቆረጠ ነው። ጠብቅ አልኩት። እስከ መቼ? አለ። ስለ ዕቅዱ ባወራሁ ቁጥር እየተነሣ ይወጣል። ልቤ እዚያ ላይ ነው የሚደማው።

ሚያዝያ 22፣ ባ/ዳር
ለዛሬ ልኩራ፣ ፍቀጅልኝ።

አዳራሹ ሙሉ ነው። የሌላኛው ከተማ ሰዎች ቀድመው አቀረቡ፤ ያማረ ሥዕል፣ ፎቅ ሳይቀር። የባለመሬቶቹ ስምምነት ግን ገና ነው። ተራዬ ደረሰ። ድምፄ አልከዳኝም። የወረታን ወረፋ ነገርኳቸው። ባዶ ቆሞ የሚውለውን መኪና፣ ፀሐይ ላይ የሚበሰብሰውን ሽንኩርት፣ በየሰኔው ቆላ የሚወርደውን ጎረምሳ። ቀጥዬ ጉብታውን። አንዱ ባለሙያ እጁን አወጣ። ኅዳር ላይ መኪናው ሲገባ ያን ሁሉ እበት ማን ሊያነሣው ነው? አዳራሹ ሳቀ። እኔ፣ እውነቴን ነው፣ አስቤበትም አላውቅ።

አያ ሙጨ ከኋላ ተነሡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል። "ልጀ፣ እበቱ እኮ ማገዷችን ነው። እንኳን ለኅዳር ለማግሥቱም አይተርፍላችሁ።"

ከዚያ በኋላ ያለው ሳቅ ሌላ ነበር። ጠያቂው ራሱ እየሳቀ ጻፈው። ስንመለስ አያ ሙጨ መንገዱን ሙሉ ተኙ፣ እኔ ግን ለፈለፍኩ፣ አለቃዬ ጆሮው ደነቆረ።

ግንቦት 8፣ ከሰዓት
ወረታ። ወረታ ሆነ። አለቃዬ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ፣ ላሞችሽ ከሰማይ ወረዱ አለኝ። ጮህኩ። ትልቅ ሴትዮ ነኝ፣ የቢሮ ሴትዮ፣ ጮህኩ። ሮጬ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ፤ መንገዱ ላይ ወጥተው እልል አሉ። ሾፌሮቹ ነገሩን ሲሰሙ ጥሩንባ ነፉ፤ የቆመው ሰልፍ ሁሉ እየተቀባበለ፣ ከዳር እስከ ዳር። ዕድሜ ልኬን የሰደብኩት ጥሩንባ ዛሬ እንዴት ያምራል።

የመጋዘኑ መሠረት ዝናቡ ሳይከብድ ይቆፈራል ተብሏል። የሠራተኛ ምዝገባም ይከፈታል። ለደመላሽ ሮጬ ነገርኩት። "ተብሏል" አይበላም አለኝ። ደስታዬን ግማሹን ወሰደው። ልፈርድበት አልችልም፤ ስንት "ተብሏል" ሰምቶ ነው ያደገ።

ሰኔ 2፣ ጧት
ጎሕ ሲቀድ እናቴ ቀሰቀሰችኝ። ደመላሽ አልጋው ላይ የለም። የመተማው አውቶቡስ በጧት ነው የሚወጣ። በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። መናኸሪያው በቆላ ተጓዥ ተጥለቅልቋል። አየሁት፤ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቆሞ ሻንጣ ያሥራል። ውረድ አልኩ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በታላቅነቴ። ገመዱን ጠበቅ አደረገና ወረደ። አልተሳፈረም። አውቶቡሱ ወጣ። ጓደኞቹ በመስኮት እጃቸውን አወጡ፤ እሱም እጁን አነሣላቸው፣ መሬት ላይ ቆሞ።

ሊሸኛቸው ነው የመጣ። ትናንት ጉብታው ላይ ሄዶ ተመዝግቧል፣ ለእኔ ሳይነግር። ተቆፍሮ ካላየሁ አላምንም ብሎ ሄዶ፣ ሲቆፈር አየ። መናኸሪያ መካከል አለቀስኩ። ሰው ያያል አለኝ፤ ይይ።

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ወስኛለሁ፤ ሥራው እስኪያልቅ ቢሮ አልቀመጥም፣ እኔም ጉብታው ላይ ነኝ። ደመላሽ በር ላይ ሆኖ አረፈድሽ ይለኛል። እናቴ ምሳ ቋጠረችለት። የቆላ ስንቅ እንጂ ምሳ ቋጥራለት አታውቅም። ማታ ለእራት ይመጣል።