በር ላይ የነበረው የእማዬ ዩካ

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷን ተሻላት ወይ? የትንሿ እህታችንስ ሳል ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ በሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቆሜ አንሶላ ስተኩስ እውላለሁ። ደህና ነኝ ስል አካሌን ማለቴ ነው እንጂ፣ ደብዳቤህን ካነበብኩ ወዲህ እርር ድብን ብያለሁ።

«በሩ ላይ ያለውን እሾሃም ነገር ቆርጬ ጣልኩት፣ ግቢው ሰፋ» ብለህ በጣሪያው ጥገናና በዝናቡ ወሬ መሃል ጣል አደረግካት። እንዳያቆጠቁጥም ጉቶው ላይ ነጭ ጋዝ አፍስሰህበታል አሉ። እጅህ እንዴት እሺ አለህ?

ያ እሾሃም ያልከው የእማዬ ዩካ የመጣው ክንድ የሚያህል ቁራጭ ግንድ ሆኖ ነው። እማዬ ታጸዳበት የነበረው መሥሪያ ቤት አትክልተኛ ሊጥለው ሲል ለምና ወሰደችው። ሰውዬው «የተቆረጠው እስኪደርቅ ሳምንት ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሽቅብ የነበረውን ሽቅብ አድርገሽ ትከዪው፤ ውኃ ካበዛሽበት ሥሩ ይበሰብሳል» አላት። እንዳላት አደረገች። ሁለት ወር ዝም አለና ከጫፉ እንደ ሰይፍ የሾሉ ቅጠሎች አወጣ። እስኪያብብ ግን አምስት ዓመት ፈጀ። ለጌጥ ብቻ ይመስለን ነበር።

ያበበው አባዬ ሞቶ፣ እማዬም ከሥራ የተቀነሰች ጊዜ ነው። ነጭ አበባ፣ እንደ ደወል የተዘቀዘቀ፣ አንዱ ዘለላ ቅርጫት የሚሞላ። አትክልተኛው ሊጠይቀን መጥቶ «ይሄማ ይበላል» አለ። እማዬ መሃሉ ስለሚመር እሱን አውጥታ፣ ቀሪውን ቀቅላ በሽንኩርት ጠበሰችልን። እሱን በልተን አደርን። ያን ሰሞን «ጨምሪልኝ» እያለ ሳህን ይልስ የነበረው ማን ነው? አንተ!

ግቢው ሰፋ የምትለውን ለሌላ አውራ። ትንሿ እውነቱን ጽፋልኛለች። የእጮኛህ ቤተሰቦች ሊመጡ ነው፤ ጎረቤት «አበባ በሎቹ» እያለ እንዳያነሳን ፈርተህ ነው። በእናትህ ድስት አፈርክ! እማዬ ከገበያ ስትመለስ በሩ ባዶ ሆኖ ብታገኘው ጉቶው አጠገብ ተቀምጣ ጋዝ የጠጣውን አፈር በማንኪያ ስትዝቅ ዋለች። ይህን ሳነብ እጄ ላይ የነበረውን አንሶላ አቃጠልኩት፤ አለቃዬም አፏ እንዳመጣላት ሰደበችኝ።

አሁን ስማኝ። ትንሿ ሁለት ቁራጭ ከቆሻሻው ጎትታ አልጋዋ ሥር ደብቃለች። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት በገዛ እጅህ ቆፍረህ ትተክላለህ። የት እንደሚሆን እማዬን ጠይቃት። ካላናገረችህ እስክታናግርህ አካፋህን ይዘህ ቁም።

የእማዬን ሁለቱንም ጉልበት ሳምልኝ። ትንሿን ጎበዝ ብላሻለች በላት። ልብስ ሰፊዋ አክስታችንን ዓይንሽን እንዴት አደረገሽ በልልኝ። ለእጮኛህም ሰላምታዬን አቅርብ፤ አበባ በልቼ ነው ያደግኩት ብለህ ራስህ ንገራት። አለበለዚያ ለሠርጉ መምጣቴ አይቀርምና፣ ከነአሠራሩ እኔ እነግራታለሁ።

እትዬ የምትለኝ እህትህ
ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ሐምሌ ፱ ቀን