ግልባጭ ለባለቤቴ

ሰኞ

አልተመደብኩም! ለቱላ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርነት ተወዳድሬ አንደኛ የወጣሁት እኔ፣ ቦታው የሚሰጠው ለሁለተኛው። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ ለምን አልኩ። ኃላፊው ፋይሌን ገልጦ አንድ ማመልከቻ አሳየኝ። የባለቤቴን የታዬን የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ አውቀዋለሁ። «ባለቤቴ የሚጠባ ሕፃን ስላላት፣ ቱላም ሩቅ ስለሆነ፣ ምደባውን መቀበል እንደማትችል በአክብሮት አመለክታለሁ።» በአክብሮት! ፊርማ አለው፣ ቀን አለው፣ የመዝገብ ቤት ማኅተም አለው። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።

«ባለቤትሽ እኮ ነው የጻፈው፣ ጓድ ጸዳለ» አለኝ ኃላፊው፣ ነገሩ ያለቀለት ይመስል።

ማክሰኞ

ታዬ ለምሳ ሲመጣ ጠየቅኩት። አልካደም። «ለአንቺው አዝኜ ነው። በዚያ አቧራ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥለሽ ስትመላለሺ ልይ?» አለ። እሱ ለግብርና ሥራው ወር ሙሉ መስክ ሲወጣ ስለ አቧራው ማን አመለከተለት? ይህንኑ አልኩት። «እሱ ሌላ ነው» አለና ሽሮው ጨው እንደበዛበት ነገረኝ። በንዴት ሁለቴ ጨምሬ ነው መሰለኝ።

ዛሬ ያልተሠራ፦ የስድስተኛ ክፍል ፈተና እርማት። የሕፃኑ የዳዊት ክትባት። የትልቋ ልጄ የሰላም ጫማ። ከሰዓት በኋላ የቀበሌ ሴቶች ስብሰባ ነበረብኝ። ስለ ሴቶች እኩልነት አንድ ጓድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገረ። ሻይ ያቀረብነው እኛው ነን።

ረቡዕ

እንደገና ጽሕፈት ቤት። ምደባውን እቀበላለሁ አልኩ። በቃል አይሆንም፤ የታዬን ማመልከቻ የሚሽር ማመልከቻ እስከ ዓርብ ካላስገባሁ ቱላ ለሁለተኛው ይሰጣል። «ልጆቹን ማን እንደሚይዝልሽም ይገለጽበት። ዋስ ቢፈርምልሽ ጥሩ ነው» አለ ኃላፊው።

ለልጆቼ ዋስ! ሁለተኛ የወጣው መምህር አምስት ልጆች አሉት፣ ዋስ አምጣ ያለው የለም። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ። ጋሪ ስጠብቅ ብቻዬን ስነጫነጭ ሰዎች አዩኝ።

ሐሙስ

የታዬ እናት፣ እማማ ወለቴ፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። ልጃቸውን ያስጻፉት እሳቸው ናቸው ብዬ ከሰኞ ጀምሮ አኩርፌያቸው ነበር። ዛሬ ማመልከቻውን ስጽፍ ዳዊትን እንዳዘሉ መጥተው «ምን እያልሽ ነው? እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። ዋስ የሚለው ጋ ስደርስ አቋረጡኝ።

«ለነዚህ ልጆች ዋስ ጠፋ? እኔ ምን ሆኜ? ታዬን ያሳደገው ማን መሰለሽ? እኔ ገበያ ስውል የያዘችልኝ አክስቱ ናት።»

አፈርኩ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ምኑን?» አሉ። መናገሩን አልደፈርኩም።

ለጣት አሻራ ቀለም ሳወጣ ደግሞ ተቆጡኝ። «መሠረተ ትምህርት ምን ስታስተምሪኝ ከረምሽ ታዲያ?» ስማቸውን ራሳቸው ጻፉ። የመጨረሻዋ ፊደል ከመስመሩ ወጥታለች፣ ግን ትነበባለች።

በካርቦን ሦስት ቅጂ አዘጋጀሁ። ከግርጌው እንዲህ አልኩ፦ ግልባጭ፣ ለአቶ ታዬ፣ ለአመልካቿ ባለቤት።

ዓርብ

ጠዋት አስገባሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ግልባጩ ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና ማኅተሙን ጠበቅ አድርጋ መታችው። ኃላፊው «እናያለን» አለ። የሱ «እናያለን» ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ወርም።

የታዬን ግልባጭ ምሳው አጠገብ አስቀመጥኩለት። እየበላ አነበበው። ወደ ቢሮው ከተመለሰ በኋላ ሳህኑን ላነሳ ስሄድ ወረቀቱን እዚያው ትቶታል። ከታች «ደርሶኛል» ብሎ ፈርሞበታል፣ ቀንም አለው። እስማማለሁ አይልም። ከፊርማው ሥር ግን ደቀቅ አድርጎ ጽፏል፦ «የቱላ የመጀመሪያ አውቶቡስ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይነሳል። ጠይቄያለሁ።»

ማን ጠይቅ አለው! ቢሆንም ሰዓቱን መዝግቤያለሁ።